የምርቃት ምንጣፎች

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ጎማ፣ ጎማ፣ አሁንም ጎማ። ትናንት በረዶ ጣለና ዛሬ ስቶክሆልም ሁሉ የክረምት ጎማ ትዝ አለው። ጋራዡ በር ላይ ሰልፍ። እኔ ከመለዋወጫ መጋዘኑ መስኮት ጀርባ ቁጥር እቀበላለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ፣ እፈርማለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። መሐንዲስ ልሆን መጥቼ ባለመስኮት ሆኜ ቀረሁ።

ከምሳ በኋላ ላርስ ያስጠራኛል። አለቃዬ። ቢሮው ውስጥ ካርታ ሰቅሏል፤ መኪና በሸጥን ቁጥር የገዢው ሰፈር ላይ ቀይ ስፒል ይሰካል። ሁስቢ፣ ቬሊንግቢ፣ ሁዲንጌ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስለዋል። ወሬው ይህ ነው፦ የጃፓኑ ፋብሪካ መኪና ስዊድን የገባበት በዓል ዲሴምበር 1 ቀን በሽያጭ አዳራሻችን ይከበራል። የፋብሪካው ታሪክ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ጸሐፊዋ እኔ። ለምን ቢባል የድሮ ካታሎግ ሁሉ እኔ ጋ ስላለ፤ ወረቀት መጣል ስለማይሆንልኝ።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። በስዊድንኛ ከመጻፌ በፊት አንተ ላይ በአማርኛ እሞክረዋለሁ፣ ደብተሬ። ቻለኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7፣ ከእራት በፊት

ሙከራ አንድ። ሰውየው ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ባሕር ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። የጀልባ ሞተር የተሰበረበት ሁሉ ወደ እሱ። ከቁርጥራጭ ብረት ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና ሠራ፣ ጎረቤት ሳቀ። ባለ አራት እግር ሠራ፣ ሳቁ ቀነሰ። ከዚያ ፋብሪካ። ከዚያ መርከብ።

እዚህም ተሳቀባቸው። የመጀመሪያዎቹን ትንንሽ መኪኖች በአንድ ክረምት የመንገድ ጨው በላቸው። ፋብሪካው አልተከራከረም። ሁለት መሐንዲሶች ላከ፤ ሰሜን ድረስ ሄደው ክረምቱን ሙሉ መኪና ውስጥ እያደሩ ቅዝቃዜውን ለኩ። ሲመለሱ ብረቱም ተለወጠ፣ ማሞቂያውም ተለወጠ። ሽያጩ የተነሣው ያኔ ነው። ስሕተቱን በእግሩ ሄዶ የሚያይ ፋብሪካ። ይህን ዓረፍተ ነገር ወድጄዋለሁ።

አሁን ደግሞ ባለሁለት ሞተሩ፦ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም። ቀስ ስትል ድምፅ የላትም። የኛ ታክሲ ነጂዎች አብደውባታል። ግን መኪናዋን ሳይሆን እኔን ነው የገዙት። እትዬ ሰብለ ምን አለች? እትዬ ሰብለ ጥሩ ናት አለች። በቃ፣ ፈረሙ። ዘጠኝ መኪና በኔ ቃል ተሸጠ። አንዷ የልጄ የሊያ ናት።

በሚሌኒየሙ በዓል ሰሞን የመጀመሪያው ገዢ፣ ታክሲ ነጂው ደረጀ፣ ፈርሞ ሲያበቃ ወደ ላርስ እያየ ምርቃቱስ አለኝ። ላርስ ምን ይግባው። እዚህ አገር ዋጋው ዋጋ ነው፤ ሻጭ ምንም አይጨምርልህም። እኔ ግን አፈርኩ። የአገሬ ልጅ ይህን የሚያህል መኪና ገዝቶ ባዶ እጁን ይሂድ? መጋዘን ገብቼ የድሮው ሞዴል የጎማ ምንጣፍ አወጣሁለት። ወፍራም፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ በረዶ የሚይዝ። ሊጣል ተራ የሚጠብቅ ዕቃ ነው፤ ወረቀት አልቆረጥኩለትም። ሌሎቹ ሰሙ። ለዘጠኙም ሰጠሁ። ሁሉም ከመኪናው ጋር የመጣውን ምንጣፍ ሳያነሡ ከላዩ አነጠፉት፤ አዲሱ እንዳይቆሽሽ። እኛ መቼም የሶፋ ላስቲክ ሳይቀደድ የማናነሣ ሰዎች ነን።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 9

ደረጀ መስኮቴ ጋ መጥቶ ይስቃል። መኪናዋ ብቻዋን ሄደች ይላል። ሁዲንጌ፣ ሆስፒታሉ ጋ ያለው ቁልቁለት ላይ እግሩን ቢያነሣ እሷ አላነሣችም። ሌላ መኪና ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ያስጠነቅቅ ነበር። ይቺ ግን እንደ ድመት ነው የምትሄደው። ፍሬን ላይ በሁለት እግሩ ቆመ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ከሞተሩ አላቀቃት፤ አውቶቡስ ቂጥ ላይ ልትደርስ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ሲወርድ ነዳጅ መስጫው እንደ ልማዱ ቦታው ላይ ነው።

ጋራዡ ውስጥ በኮምፒውተር አዩለት። ጥፋት የለም። ጸበልም አስረጭቷታል። ምን ረግጠህ ነው ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ፣ ሳቅኩ። አሁን ስጽፈው ግን ሳቁ አልመጣልኝ አለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ለታሪኩ ፎቶ ስፈልግ። አዲሱ ሞዴል የገባ ጊዜ የመጣ ካርቶን። ካታሎጉ ውስጥ የተጣጠፈ አንድ ወረቀት። በሥዕል፦ እግር፣ ፔዳል፣ ቀይ መስቀል። የድሮው ሞዴል ምንጣፍ በአዲሱ ላይ አይነጠፍ። ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ አይደረብ። ነዳጅ መስጫውን ሊይዝ ይችላል።

ከታች የተረካቢ ፊርማ። ፊርማው የኔ ነው።

ፋብሪካው ተናግሯል። በደንብ ተናግሯል። እኔ ነኝ ከሠላሳ ወረቀት ጋር ፈርሜ፣ በወረቀት መብሻ በስቼ፣ በፊደል ተራ ያስቀመጥኩት።

ሮጬ ወጣሁ። የሊያ መኪና ዛሬ እኔ ጋ ነበረች። ሞተሩን ሳላስነሣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረገጥኩና ለቀቅኩ። ተመለሰ። ደገምኩ፣ ተመለሰ። በሰባተኛው የምንጣፉ ጠርዝ ታጠፈና ፔዳሉን ነክሶ ያዘው። እዚያው ቀረ። እግሬን አንሥቼ አየሁት፤ ማንም ሳይረግጠው ወለሉ ላይ ተኝቷል። ልጄ በዚህች መኪና ነው በየጠዋቱ ሆስፒታል ለሥራ ልምምድ የምትሄደው። ምንጣፉን መንጭቄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ስምንት ቀሩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

ዛሬ ስምንት ሰው ጋ ደወልኩ። ልናገር የተዘጋጀሁት ሌላ፣ የተናገርኩት ሌላ። በስጦታ ያቀበልኩህ ነገር ሊገድልህ ይችላል ተብሎ እንዴት ይባላል? አፌ ላይ መጣና ተመለሰ። አለቃዬ ምንጣፎቹን እየፈለጋቸው ነው አልኩ፤ ያለ ወረቀት ያወጣኋቸው ናቸውና አውጥታችሁ መልሱልኝ። ሁሉም ችግር የለም አሉ። ቀለለኝ። ምክንያቱ ምን አገባቸው፣ ዋናው መውጣቱ።

መጨረሻ የደወልኩት ጋሽ ታደሰ ጋ። ቬሊንግቢ ነው ቤታቸው፤ ጡረታ የወጡ የአፈር ሳይንስ ፕ/ር። ተማሪ ሆኜ ስመጣ ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ከነባለቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው። ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ በኔ ምክንያት ነገር እንዳይመጣብሽ» አሉ። ኧረ ምንም የለም አልኳቸው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 18፣ ከቤ/ክ መልስ

አንድም ምንጣፍ አልተመለሰም።

ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረጀን ያዝኩት። ይጠቅሰኛል! ና እይ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ከመኪናው ጋር የመጣውን ምንጣፍ አውጥቶ፣ የኔን ከሥር አድርጎ፣ እንደገና ከላይ ሸፍኖታል። «እትዬ ሰብለ፣ አታስቢ። ላርስ ራሱ በባትሪ ቢፈልግ አያገኘውም። ሁላችንም እንደዚሁ ነው ያደረግነው።» ተደዋውለዋል። ተማምለዋል። የሚጠይቅ ቢመጣ ምንጣፍ የሚባል አላየንም ሊሉ። አንዱማ እንዳይንሸራተት በማጣበቂያ ለጥፎታል።

ለኔ ብለው ነው። እንዳልባረር። ስምንት ሰው የኔን ገበና ከእግሩ ሥር ቀብሮ በመቶ ኪ.ሜ ፍጥነት ይነዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር።

ለደረጀ እዚያው እውነቱን ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልቁለቱ፣ አለ። ተንበርክኮ ሁለቱንም ምንጣፍ ጎትቶ በረዶው ላይ ወረወራቸው፤ ተነሥቶም ረገጣቸው። ተቆጥቷል፤ ይገባዋል። ለሌሎቹ እሱው ይደውልላቸዋል፣ ስድስቱን ዛሬውኑ ያስወጣል። ጋሽ ታደሰንስ አለኝ። እሳቸውን ለኔ ተወው አልኩት።

ዛሬ ቤ/ክ አልመጡም። ስደውል ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አነሡ፤ ጉንፋን ጥሏቸዋል፣ መኪናዋም ከቆመች ሰንብታለች። እንግዲያው የሚያስቸኩል ነገር የለም። ሲሻላቸው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ስድስቱም ወጥተዋል። ደረጀ በአጭር መልእክት ላከልኝ። ሰላምታ የለበትም።

ወረቀቱን ለላርስ አሳየሁት። ስለ ምንጣፎቹም ነገርኩት። ስንት ቀረ አለ። አንድ። እንግዲያውስ አልቋል ማለት ነው አለ። ከበዓሉ በፊት በጽሑፍ የሚወጣ ነገር ባይኖር ይመርጣል፤ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት እንደቸኮልኩ ለራሴም ታወቀኝ።

ለጋሽ ታደሰ ግን ዘዴ አግኝቻለሁ። ጎማቸው ገና የበጋ ነው። ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩላቸው። መኪናዋ ከፍ ብላ ጎማው ሲቀየር እኔ ገብቼ ምንጣፉን ላጥ፣ በቦታው ትክክለኛውን። አያውቁም። ማወቅም የለባቸውም። ሌላውን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አየሁት፤ የሳቸውን ፊት አልችልም። በሰውየው ፊት ሁልጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 23

ሙከራ አራት። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ስሕተት ያየ ማንም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ ገመዱን ይስባል፤ መስመሩ ሁሉ ይቆማል። ማንም አይቆጣውም። መጥተው ያመሰግኑታል። የጥራታቸው ምሥጢር ይህ ነው ይላል ካታሎጉ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ እንዳለ ገለበጥኩት። ላርስ አነበበና ግሩም ነው አለ፤ በትልቁ ይታተም አለ።

ምግብ አይገባልኝም። ሊያ አየችኝ፤ ያመመሽ ነገር አለ ወይ አለችኝ በስዊድንኛ። በአማርኛ የለም አልኳት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 25

ጾም ገባ። ቤ/ክ አልሄድኩም፤ ደረጀን ማየት ፈራሁ።

እትዬ ዘነበች ደወሉ። ጋሽ ታደሰ ተሽሏቸዋል፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። መንገዱ ያንሸራትታልና በአውቶቡስ ይምጡ፣ መኪናዋን ደረጀ ያምጣት ልል አፌን ከፈትኩ። ለምን ቢሉኝስ? ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ነው ነገር የሚመዘዘው። በደኅና ይምጡ ብዬ ዘጋሁ።

ከቬሊንግቢ እኛ ጋ ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት ምን አላት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 26

3፡00። አልመጡም።
3፡20። አልመጡም። ትክክለኛው ምንጣፍ እጄ ላይ ነው፤ ይዤው ቆሜያለሁ።
3፡40። ስልካቸው አይነሣም። ከመስኮቱ ሰው ይጮህብኛል፤ ጎማ ይፈልጋል።

5፡00። ሊያ ከሆስፒታል ደወለች። በአማርኛ ተናገረች። ልጄ በአማርኛ ስትጀምርልኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ጋሽ ታደሰን በአምቡላንስ አምጥተዋቸዋል፤ ስሟን ነግረው አስጠርተዋታል። ቬሊንግቢ አደባባዩ ጋ መኪናዋ የአውቶቡስ ማቆሚያውን መስታወት ሰብራ ገባች። ዳሌያቸው ተሰብሯል። አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረ ሰውዬ ክንዱ ተሰብሯል። በሕይወት አሉ፣ እማማ፣ ሁለቱም በሕይወት አሉ ትላለች።

ምንጣፉን መደርደሪያው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። በቦታው፣ በቁጥሩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ሁዲንጌ ሆስፒታል። ስድስተኛ ፎቅ።

እንዴት አነሱ። አልጋው ውጧቸዋል። ሳሙኝ፤ እንኳን መጣሽ፣ ለምን ደከምሽ ይላሉ። እትዬ ዘነበች እያለቀሱ ነገሩን አጫወቱኝ፦ ፖሊስ ጠዋት መጥቶ ነበር። ጋሽ ታደሰ ሽማግሌ ነኝ፣ ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ ነዳጅ ረገጥኩ ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። መኪናዋ ተመርምራለች፤ ምንም አልተገኘባትም። መንጃ ፈቃዳቸው ይወሰዳል፣ ክስም አይቀርም። ሃምሳ ዓመት አንድ ቅጣት ሳይቀጡ የነዱ ሰው።

ከዚያ ባለቤታቸውን ላኳቸው። ያ ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ እዚሁ ነው የተኛው፤ አበባ ግዢለት ብለው።

በሩ ሲዘጋ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ቁም ሣጥን ክፈቺ አሉኝ። በፌስታል ካፖርታቸው አለ። ካፖርቱን ስገልጠው የጎማ ምንጣፉ ለሁለት ታጥፎ። ከነጨውና ከነጠጠሩ።

አምቡላንሱ ሳይደርስ ጎትተው አውጥተውታል። በዚያ ዳሌ። ካፖርታቸው ውስጥ ሸሽገው እስከ ኤክስሬይ ክፍል አቅፈውት ገብተዋል፤ ነርሷ ልትወስድባቸው ብትል እንቢ ብለዋል።

«ፖሊስ መኪናዋን ሲበረብር እንዳያገኝብሽ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔስ በቃኝ። አረጀሁ፤ እግሬ ከዳኝ። ያንን ምስኪን ሰው ገድዬው ነበር እኮ» አሉ። ዓይናቸው ሞላ። እኝህ ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ምንጣፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እትዬ ዘነበችን ኮሪደሩ ላይ አበባ ይዘው አገኘኋቸው፤ ስለ መጣሽልን እግዜር ይስጥልን አሉኝ። አቤቱ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 28

ሥራ አልሄድኩም። ምንጣፉ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨዉ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጠርዙ ላይ ፔዳሉ የነከሰው ምልክት አለ፤ በሊያ ምንጣፍ ላይ ካየሁት ጋር አንድ ነው፣ የእሳቸው ግን ጠልቋል።

ላርስ ደወለ። የግድግዳው ጽሑፍ ታትሞ መጥቷል፣ ቅዳሜ ከጎኑ ቆሜ እንዳነብለት። ስለ አደጋው ሰምቷል። ሽማግሌው ራሳቸው አምነዋል አይደል አለኝ። ድምፁ መጥፎ አይደለም፤ ያረፈ ሰው ድምፅ ነው። ቅዳሜ አልመጣም አልኩት። ለምን አለ። በአካል እነግርሃለሁ አልኩት።

ሊያ ከሥራ ገብታ ምንጣፉን አየችው። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው። እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። ሥራሽን ታጫለሽ አለች በስዊድንኛ። አዎ። ምናልባት አንቺም ትከሰሻለሽ። አዎ። ጋሽ ታደሰ ይህን ከማወቅ እግራቸው የከዳቸው መስሏቸው ቢኖሩ ይሻላቸዋል ወይ አለች። እንደ ጥያቄ አልነበረም። ተነሥታ ትልቅ ፌስታል አመጣችልኝና ምንጣፉን አብራኝ ጠቀለለች።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ታደርሰኛለች። ፖሊስ ጣቢያ በኋላ ነው፤ ላርስም በኋላ። ወረቀቱንም፣ ፊርማዬ ያለበትን፣ ይዤያለሁ። መጀመሪያ ስድስተኛ ፎቅ። እትዬ ዘነበችም ይስሙ፣ አይወጡም። ደርሼ እንዳልንተባተብ የምለውን እዚህ ልጻፈው፦

ጋሽ ታደሰ፣ እግርዎ አልከዳዎትም። ምንጣፉ ነው። እኔ አውቅ ነበር፤ ከኖቬምበር 13 ጀምሮ አውቅ ነበር።